ቢላዋ፣ መርፌና ርብራብ፦ የሥራ ደህንነት በጊደር መጋላ

ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ያለው ይህ ገበያ ለሸማቹ ሥጋ፣ ቅመምና እህል የሚገዛበት ቦታ ሲሆን፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ለሚውልበት ሰው ደግሞ የሥራ ቦታ ነው። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ይሞርዳል፤ ተሸካሚው ኩንታል በትከሻው ይዞ በጠባቡ መንገድ ያልፋል፤ ቅመም አዘጋጁ በርበሬ ይነፋል። ከፈረስ መጋላ ወደዚህ የሚያመጣው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። በአስመዲን በር በኩል ደግሞ አሮጌ ብረት የሚቆረጥበት፣ የሚቀጠቀጥበትና የሚበየድበት ሠፈር አለ።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሰው አካል ከስለት፣ ከእሳት፣ ከጭስ፣ ከከፍታና ከሸክም ጋር ይገናኛል። ስለ ሥራ ደህንነት ሲነሳ ብዙ ሰው ትልቅ ፋብሪካና የራስ ቁር ያደረገ መሐንዲስ ያስባል። ብዙ የአገሪቱ ሠራተኛ የሚውለው ግን ሁለትና ሦስት ሰው በሚሠራባቸው ሱቆች፣ በረንዳዎችና የግንባታ ቦታዎች ነው፤ ጣቱን የሚያጣውም፣ ዓይኑ የሚደክመውም፣ ከርብራብ የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራተኛ ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታል። ከዚህ ውስጥ በድንገተኛ አደጋ የሚሞተው 330,000 ያህል ነው፤ የቀረውን 2.6 ሚሊዮን የሚገድለው በሽታ ነው። የማይገድሉ ጉዳቶች በዓመት 395 ሚሊዮን ይደርሳሉ። የሚታየው አደጋ ከማይታየው ያንሳል ማለት ነው። ከመሰላል የወደቀውን ሰው ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት የብየዳ ጭስ ሲስብ ኖሮ ሳንባው የተዳከመውን ግን «አስም ያዘው» ብሎ ያልፈዋል። ሥልጠናም ቁጥጥርም ከደም መፍሰስ አልፎ ይህን ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት ካላየ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

በኢትዮጵያ ሠራተኛውን ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ሲደነገግ ቆይቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ የሥራ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ድርሻቸውን ለይቶ ያስቀምጣል። አሠሪው ሥራው የሚያስከትለውን አደጋና መከላከያውን ለሠራተኛው የማስረዳት፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያ የማቅረብ፣ የደህንነት ኃላፊ የመመደብና ኮሚቴ የማቋቋም፣ የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው በበኩሉ የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ መጠቀም፣ ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ መናገርና የመከላከያ ሽፋኖችን አለመንቀል ይጠበቅበታል።

በአዋጁ ውስጥ ስለ ሥልጠና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነጥብ አለ። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ ኃላፊነት ነፃ ከሚያወጡት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ራሱን ሲጎዳ ነው። «በግልጽ የተሰጠ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። ያልተነገረውን ሰው «አልሰማኝም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ በምን ላይ እንደሠለጠነ የሚያሳይ አንድ ደብተር ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ጥበቃ ነው፤ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ግን ይህን ደብተር አይዙም።

ሥልጠና ሲባል የስብሰባ አዳራሽና የምስክር ወረቀት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ጉዳዩን አበላሽቶታል። በእጅ ሙያ ውስጥ እውነተኛው ሥልጠና የሚካሄደው በመቁረጫው ግንድና በስፌት መኪናው አጠገብ ነው፤ አሠልጣኙም ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ ነው። ችግሩ ባለሙያው ለለማጁ ሥራውን እንጂ አደጋውን ለይቶ አለማስተማሩ ነው። ልምድ ያለው ሥጋ ቆራጭ ግራ እጁን ከስለቱ ፊት ሳያስበው ያሸሻል፤ ሳያስበው ስለሚያደርገውም ለሌላው መናገር አይመጣለትም። ጥሩ ሥልጠና ይህን በእጅ ውስጥ የተደበቀ እውቀት ወደ አፍ ያወጣዋል። ቢላዋ ወደ ሰውነት ሳይሆን ወደ ውጭ ይቆርጣል። የደነዘ ቢላዋ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሲያመልጥ በኃይል ያመልጣልና። የሚወድቅ ቢላዋ አይቀለብም፤ እግር ተሰብስቦ ይለቀቃል። ባዶውን እጅ በብረት ክር የተሠራ ጓንት ሊጠብቀው ይችላል፤ ይህ በሌለበት ደግሞ ግንዱ የማይናወጥ፣ ወለሉ ከስብና ከደም የጸዳ፣ ብርሃኑም በቂ መሆኑ ብዙ ይሠራል።

በጊደር መጋላ ሥጋ ተራ ሌላም አለ። በሰማዩ ላይ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ሥጋ ካዩ በድንገት ወርደው ይነጥቃሉ። ለጎብኚ ይህ ትርኢት ነው፤ ቢላዋ ለያዘ ሰው ግን ትከሻው ላይ የሚወርድ ክንፍ ማለት ነው። መቁረጫውን ከጣሪያ ወይም ከመጠለያ ሥር ማድረግና ሥጋን ሸፍኖ መሸከም ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ከዚህም የከፋው የማይታየው ነው። እንደ አባ ሰንጋና ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎች ከእንስሳ ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ቆስሎ ያልተሸፈነ እጅ መግቢያ በር ይሆናቸዋል። ስለዚህ ለሥጋ ሠራተኛ ከሚሰጠው ትምህርት የመጀመሪያው ሳይመረመር የታረደ ከብት አለመንካት ሲሆን፣ ሁለተኛው ትንሹንም ቁስል በውኃና በሳሙና አጥቦ መሸፈን ነው።

የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች አደጋ ዝም ያለ ነው። መርፌ በጥፍር ውስጥ ሲያልፍ ያማል፤ ጉዳቱ ግን ይድናል። ይበልጥ የሚከፋው ለዓመታት አጎንብሶ በመቀመጥ የሚመጣው የወገብና የአንገት ሕመም፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚመጣው የዓይን ድካም ነው። ወንበሩን ከመኪናው ጋር ማመጣጠን፣ መኪናውን ብርሃን ወደሚገባበት ማዞር፣ በየተወሰነ ጊዜ ቀና ብሎ ሩቅ ማየት ምንም ገንዘብ አይጠይቁም። ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር በተቀየሩት መኪኖች ላይ ደግሞ የቺንጋው መሸፈኛ ከቦታው መነቀል የለበትም፤ የሻሽና የነጠላ ጫፍ በቺንጋ ሲያዝ እጅ ለማላቀቅ ጊዜ አይሰጥም። በዝናብና በብርድ ቀን ሱቁን ዘግቶ በከሰል ካውያ መተኮስ ሌላው ሥጋት ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት የመጀመሪያ ምልክቱ ነው፣ በተዘጋ ክፍልም ሰው ይገድላል።

በብረት ሠራተኞች ዘንድ ሥልጠና የሚጋፈጠው ከእውቀት ማነስ ይልቅ ሥር የሰደደ እምነትን ነው። ብዙ በያጆችና ቀለም ቀቢዎች ወተት የጠጣ ሰው ጭሱ እንደማይጎዳው ያምናሉ። ወተት ወደ ሆድ ይሄዳል፤ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በዚያው ምሽት ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ መድኃኒቱ ከቤት ውጭ መበየድ፣ ነፋስን ከጀርባ ወይም ከጎን ማድረግና ቀለሙን አስቀድሞ መፋቅ ነው። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል መቁረጥም እንዲሁ ነው። ባዶ የሚመስለው በርሜል በውስጡ የቀረው የነዳጅ ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከሞላው በርሜል የባሰ ይፈነዳል። ይህን አንድ ነገር በትክክል የተረዳ ለማጅ ሕይወቱን አትርፏል ማለት ማጋነን አይደለም።

የዘርፉ ባለሙያዎች የመከላከያ እርምጃዎችን በደረጃ ያስቀምጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ስለሚሠራበት መታወስ አለበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው አደጋውን ጨርሶ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ነው። ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ ነገር ይተካል። ቀጥሎ በሽፋን፣ በአጥርና በአየር ማስወጫ ከሰው ይለያል። ከዚያ የአሠራር ደንብና የሰዓት ድልድል ይመጣል። ጓንት፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ የመጨረሻው መስመር ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የሚቀሩ። በብዙ ቦታ ግን ነገሩ የሚጀመረውም የሚያልቀውም ጓንት በማደል ነው። ለሠራተኛ ጓንት ሰጥቶ የተላጠውን ሽቦ እንዳለ መተው ጥንቃቄ አይባልም።

አዲስ ሠራተኛ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። ቦታውን አያውቅም፤ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ፈጣን መስሎ ለመታየት ይቸኩላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አጭርና በተግባር መሆን አለበት፦ ይታያል፣ ይሞከራል፣ ከዚያ ለማጁ ራሱ ለአሠልጣኙ መልሶ ያስረዳል። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያረጋግጥም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። በሐረር ይህ ተጨማሪ ትኩረት ይፈልጋል፤ በአንድ የሥራ ቦታ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ሊነገር ይችላል። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለግማሹ ሠራተኛ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሥዕልና በእጅ ማሳየት፣ በሚገባውም ቋንቋ መንገር የግድ ነው።

ሥልጠና ብቻውን ግን እንደ ጠዋት ጤዛ ነው። ሰው የተማረውን የሚረሳው ከድካምና ከጥድፊያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚመለከተው ሲያጣ ነው። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውጤታማ ቁጥጥር ደግሞ ረጅም ቅጽ ከመሙላት የተለየ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥጥር የሠራተኛው የራሱ ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ። በያጁ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ቆሞ መታሰሩን ያረጋግጣል፣ አጠገቡ የሚቀጣጠል ነገር መኖሩን ይመለከታል። ሁለተኛው የአሠሪው ወይም የኮሚቴው ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ቦታውን ዞሮ ማየት። ሦስተኛው የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነው። አዋጁ ለዚህ ሰው ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶታል። አስቀድሞ ሳያሳውቅ በሥራ ሰዓት መግባት፣ ሠራተኛን ለብቻው ማነጋገር፣ መዝገብ ማየት፣ ናሙና መውሰድ ይችላል። አደገኛ ነገር ሲያገኝ ቀን ቆርጦ እንዲስተካከል ያዛል፤ አደጋው የማይቀር ሲሆን ወዲያውኑ እርምጃ እንዲወሰድ ያዛል። ጥቆማ የሰጠውን ሠራተኛ ማንነት እንዳይገልጽም ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ ባይኖር ማንም አይናገርም።

ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ በየሱቁ ሊደርስ አይችልም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለታዳጊ አገሮች አንድ ተቆጣጣሪ ለ40,000 ሠራተኞች እንዲኖር ሲመክር ኖሯል፤ ይህ እንኳ ተሟልቶ አንድ ሰው በዓመት የሚያዳርሰው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ቁጥጥር በቅድሚያ ወደ ከፋው ቦታ መሄድ አለበት፦ ከፍታ ላይ ወደሚሠራበት፣ ኬሚካል ወዳለበት፣ ባለፈው ዓመት ጉዳት ወደደረሰበት። ሁሉንም እኩል አየዋለሁ የሚል ዕቅድ አደገኛውን ቦታ ከወረቀት ቤቱ ጋር እኩል ያደርገዋል።

ጥሩ ተቆጣጣሪ የሚታወቀው በሚጠይቀው ነው። «የእሳት ማጥፊያ አለ?» ብሎ ምልክት አያደርግም፤ በቅርብ ያለውን ሠራተኛ ጠርቶ «አውርደህ አሳየኝ» ይላል። ማጥፊያው ቢኖርም ማንም ሊጠቀምበት ካልቻለ የጎደለው ሥልጠና ነው፤ ሠራተኛው አውቆ ማጥፊያው ባዶ ከሆነ የጎደለው ቁጥጥር ነው። ሁለቱ በአንድ ጥያቄ ይፈተናሉ። የተገኘው ጉድለት ሁሉ ደግሞ ሦስት ነገር ሊጻፍለት ይገባል፦ ምንድን ነው፣ ማን ያስተካክለዋል፣ እስከ መቼ። በተባለው ቀን ተመልሶ ያላየ ተቆጣጣሪ የመጀመሪያውን ጉብኝትም እንዳልሄደ ነው። ሰው ሳይጎዳ ያለፈ አጋጣሚም መመዝገብ አለበት፤ ዛሬ ከርብራብ የወደቀው መዶሻ ማንንም ያልመታው ከታች ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

በሐረር የግንባታና የእድሳት ሥራ ስለ ሥልጠናና ቁጥጥር ብዙ ያስተምራል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል፤ የድንጋይና የጭቃ ግንቦቹ፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች፣ 82ቱ መስጊዶች በየጊዜው ጥገና ይፈልጋሉ። ዝናብ የጠጣ የድንጋይ ግንብ ከሥር ሲነካ ሳይታሰብ ይወርዳል፤ አሮጌ ግንብ የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች በንብርብር ነው እንጂ ከሥር ተቦርቡሮ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቆፋሪ ግድግዳው ሲናድበት ለመውጣት ጊዜ የለውም። ለበዓልና ለሠርግ ቤት በኖራ ሲቀባ ደግሞ ትኩረቱ ወደ ዓይን ነው። ኖራ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፤ ወዲያውኑ ቢያንስ ለአሥራ አምስትና ሃያ ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሮጥ ብቻ ነው የሚያድነው። ስለዚህ ኖራ የሚበጠበጥበት ቦታ ሁሉ ከመጀመሪያው ባልዲ በፊት የተሞላ ንጹሕ ውኃ ሊቀመጥበት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚቀጥፈው ግን ከፍታ ነው። በባሕር ዛፍ እንጨት፣ በምስማርና በገመድ የሚሠራው ርብራብ በመላው ኢትዮጵያ የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በእጅ ያለ ነው፣ በደንብ ሲሠራም ያገለግላል። የሚከዳው ሸክሙ ሲበዛ፣ እንጨቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ምስማሩ ሲላቀቅና ማሰሪያው ሲረሳ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በአማራ ክልል በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ከተማ በግንባታ ላይ በነበረው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞተዋል፤ ሌሎች ብዙዎች ቆስለዋል። በዓል ለማክበር የመጡ ምእመናን በርብራቡ ላይ ወጥተው ነበር። ለጥቂት ሠራተኞች የተሠራ መወጣጫ የሕዝብ ሸክም ተጫነበት። የዚህ አደጋ ትምህርት ከእንጨቱ ጥራት ይሰፋል፦ ርብራብ ማን ሊወጣበት እንደሚችል የሚወስንና መግቢያውን የሚዘጋ ሰው በስም መመደብ አለበት፤ በበዓል ቀንም ጭምር፣ ሠራተኛው ዕረፍት ላይ በሆነበት ቀንም ጭምር።

ርብራብ ከመውጣት በፊት የሚታየው ጥቂት ነው፤ ችግሩ አለማየቱ ነው። እግሮቹ በጠንካራ መሬት ወይም በጣውላ ላይ ቆመዋል? ከግንቡ ጋር ታስሯል? መርገጫው ክፍተት አለው? መደገፊያ በወገብ ልክ አለ? በብዙ አገሮች የሚሠራበት ልማድ ርብራብ በመጀመሪያ ከመወጣቱ በፊት፣ ከዚያ በየሰባት ቀኑ፣ ከከባድ ዝናብና ነፋስ በኋላም ሁልጊዜ እንዲመረመር ነው። የሐረር የክረምት ዝናብ ሲታሰብ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል።

አደጋን አስቀድሞ ማየት ብቻ እንደማይበቃ ባንግላዴሽ በከባድ ዋጋ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቷል። በታችኛው ፎቅ ያሉት ባንክና ሱቆች ዘግተው ሲወጡ፣ የስፌት ሠራተኞቹ ግን ወደ ሥራ እንዲመለሱ ታዘዙ። አደጋውን አይተው ነበር፤ ለማስቆም ግን ሥልጣን አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የልብስ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈራርመው፣ ነፃ መሐንዲሶች ፋብሪካዎቹን እንዲመረምሩና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲወጣ፣ ሠራተኞችም በደህንነት እንዲሠለጥኑ አደረጉ። የኢትዮጵያ አዋጅም ከባድ አደጋ ሲያሰጋው አሠሪው ተነግሮት ያላስተካከለ እንደሆነ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት ዋጋ አለው፤ እንጀራውን ጥሎ መሄድ ግን ለአብዛኛው ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የሥራ ቦታ «ቁም» የማለት ፈቃድ ለሠራተኛው በግልጽ ሊሰጠው ይገባል።

ከመቶ ዓመት በፊትም እንዲሁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ በተነሳ እሳት 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንደኛው የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ያን እሳት በዓይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በኋላ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆና ለሠራተኛ ጥበቃ ሕጎች ታግላለች።

እሳት በጁገል ልዩ ፈተና ነው። የጥንቷ ከተማ 48 ሄክታር ያህል ስትሆን፣ በውስጧ ከ360 በላይ ጠባብ መተላለፊያዎች እንዳሉ ይነገራል። በብዙዎቹ ውስጥ ሁለት ሰው ተላልፎ ለመሄድ ትከሻ ማዞር ይኖርበታል፤ የእሳት አደጋ መኪና አይገባባቸውም። ግንቦቹን መስበር ደግሞ ቅርሱን ማፍረስ ነው። ከውጭ የሚመጣው እርዳታ ዘግይቶ እንደሚደርስ ከታወቀ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሠፈሩ ሰው እጅ ናቸው። የጨርቅ ቁርጥራጭ በቀኑ መጨረሻ ከሱቅ መውጣት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከአንድ ኤክስቴንሽን ላይ በሌላ ኤክስቴንሽን አለመሳብ፣ በየመንገዱ አሸዋና ውኃ በታወቀ ቦታ መቀመጥ፣ ከሁሉ በላይ መተላለፊያው በዕቃ አለመዘጋት አለበት። ጁገል የራሷ የሆነ ዘዴም አላት፤ አፎቻ የተባለው የሐረሪ የመረዳጃ ማኅበር ጎረቤትን ለሠርግና ለሐዘን የሚያሰባስብ ነው። ማን የትኛው ቤት እንደሚኖር፣ አቅመ ደካማ የሆነው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለእሳት ልምምድ ከማንም ይሻላል፤ ሥልጠናውን በዚህ በኩል ማድረስ ከአዲስ መዋቅር መፍጠር የቀለለ ነው።

በፋብሪካ ደረጃ ነገሩ ሌላ ስፋት አለው። በሐረር ቢራ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በማንኛውም የቢራ ፋብሪካ ውስጥ በመፍላት ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጋንና በጉድጓድ ሥር ይተኛል። ጋን ለማጠብ የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት አየሩ በመለኪያ ይፈተሻል፤ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ይቆማል፤ የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጣል። ጓደኛው ወድቆ ያየ ሠራተኛ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ዘሎ መግባት የለበትም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ከሟቾች ብዙዎቹ ለማዳን የገቡ ናቸው። ማሽን ሲጠገን ደግሞ ኃይሉ ይቆረጥና ማብሪያው በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉም በጠጋኙ ኪስ ይውላል።

የአዋጁ ጥበቃ በቅጥር ግንኙነት ላይ የቆመ በመሆኑ ለራሱ የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ ተሸካሚና አሮጌ ብረት ሰብሳቢ ከጥበቃው ጠርዝ ላይ ይቀራል። ልጆችም አሉ። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትንና አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትን አይፈቅድም። ልጅ በአባቱ ሱቅ ሙያ ሲማር ማየት መልካም ነው፤ ግራይንደር በእጁ ሲይዝ ማየት ግን ሊያሳስብ ይገባል። ለማጁ በየትኛው ዕድሜ የትኛውን መሣሪያ እንደሚነካ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ተስማምተው ቢወስኑ ተቆጣጣሪ የማይደርስበትን ቦታ ይሸፍናሉ።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራም የደህንነቱ አካል ነው። ቁስለኛው ወደ ጁገል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲወሰድ፣ በቦታው የቀረው ሰው መሣሪያውን ሳያነሳ፣ ሳያጸዳ መጠበቅ አለበት። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ነው። ጣቱን በቺንጋ ያጣ ሰው «ቸኩሎ ነው» ተብሎ ከተዘጋ ሌላ ጣት ይጠብቃል፤ ሽፋኑ ለምን እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው፣ ስንት ቀን ያለ ሽፋን እንደሠራ፣ ሲያዩት ለምን ማንም እንዳልተናገረ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ከሠራተኛው አልፎ ወደ ጥገናው፣ ወደ ክፍያው ዓይነትና ወደ ሰዓቱ ጥበት ይሄዳል። መልሱ በደብተሩ ይጻፋል፤ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ይላካል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚገባው አዲስ ለማጅም በዚያው መኪና ፊት ቆሞ ይነገረዋል።